የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ቺቼን ኢትዛ፦ የማያን ፍርስራሽ ከአስጎብኚ ጋር ማየት

ቺቼን ኢትዛ በሜክሲኮ ዩካታን ግዛት የምትገኝ ማያ የሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ጥንት የሠራት ከተማ ናት። ከባሕር ዳርቻዋ ካንኩን ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከሜሪዳ ደግሞ ወደ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። በጣም የደመቀችው ከ9ኛው እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ነው። ዩኔስኮ በ1988 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በ2007 ደግሞ በሕዝብ ድምፅ ከአዲሶቹ ሰባት የዓለም ድንቆች አንዷ ሆና ተመርጣለች። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካንኩን የሚያርፉ ብዙ ሰዎች ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ የደርሶ መልስ ጉዞ ነው።

ድንጋዩ ብቻውን ብዙ አያወራም። ያለ አስጎብኚ የገባ ሰው ትልቅ ፒራሚድ ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በፀሐይ ይጠበሳል፣ ይወጣል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ያገኘ ግን አንድ ጭብጨባ፣ አንድ የተቀረጸ ድንጋይ፣ አንድ የማያ ቃል ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ ለአስጎብኚው አውጡ እላለሁ።

መንገዱና ሰዓቱ

ከካንኩን በቀጥታ ለሚነዳ መኪና ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ትልልቆቹ የጉብኝት አውቶቡሶች ግን ከየሆቴሉ ሰው እየለቀሙ ስለሚሄዱ ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። በታኅሣሥ 2023 ሥራ የጀመረው የማያ ባቡርም ቺቼን ኢትዛ ላይ ጣቢያ አለው።

ብዙ ሰው የማያውቀው የሰዓት ጉዳይ አለ። ካንኩን ያለችበት ኪንታና ሮ ግዛት ከዩካታን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የግዛቱን ወሰን ስታልፉ ስልካችሁ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲሄዱ አንድ ሰዓት ይተርፋችኋል፤ ሲመለሱ ግን ያንኑ ሰዓት ትከፍሉታላችሁ። ማታ አውሮፕላን ያለው ሰው ይህን ሳያሰላ እንዳይነሳ።

በሩ በእኛ አነጋገር ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል። 11 ሰዓት ይዘጋል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ አያስገቡም። በሩ ሲከፈት የደረሰ ሰው ሌላ ከተማ ያየ ያህል ነው። ሣሩ ላይ ጤዛ አለ፣ ሻጮቹ ገና ዕቃቸውን እየዘረጉ ናቸው፣ ፒራሚዱ ፊት የቆመ ሰው ይቆጠራል። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ግን አውቶቡሶቹ ተከታትለው ይደርሳሉ። ሜዳው ላይ ደግሞ ጥላ የለም።

ፕሮግራም ስትመርጡ ዋጋውን ብቻ አትዩ። «ፍርስራሹ ውስጥ ስንት ሰዓት እንቆያለን?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ፕሮግራም በመታሰቢያ ዕቃ መደብርና በምሳ ተጨናንቆ ለዋናው ቦታ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ሌላ ፈልጉ። መግቢያው በዋጋው ውስጥ መካተቱንም አረጋግጡ። ክፍያው ሁለት ነው፦ አንዱ ለፌዴራል መንግሥቱ፣ አንዱ ለዩካታን ግዛት። ርካሽ የመሰለ ጉዞ በሩ ላይ ኪስ የሚያራግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ራሳችሁን ችላችሁ ከመጣችሁ መግቢያው ላይ የመንግሥት ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች አሉ። መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ከፍርስራሹ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ቫያዶሊድ ማደር ከሁሉም ይሻላል። ያኔ ጠዋት በሩ ላይ የመጀመሪያዎቹ ትሆናላችሁ።

አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ጊዜው ያላለፈበት የአሜሪካ ቪዛ ካለው ለቱሪስትነት የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም። ሕግ ይቀየራልና ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከቆንስላው አጣሩ።

ፒራሚዱ

ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ ሻጭ ነው። የተጠረበ እንጨት፣ ጭምብል፣ ጥልፍ ቀሚስ። ድንገት ከዛፎቹ ሥር የአውሬ ግሣት ትሰማላችሁ። አትደንግጡ። የጃጓር ድምፅ የሚያወጣ ፊሽካ ነው፤ ሻጮቹ ቀኑን ሙሉ ይነፉታል። ከዚያ ዛፎቹ ያልቁና ሜዳው ይከፈታል። መሐሉ ላይ ፒራሚዱ ብቻውን ቆሟል።

የኩኩልካን ቤተ መቅደስ ይባላል። ኩኩልካን ላባ ያለው እባብ አምላክ ነው። ስፔኖች ግን «ኤል ካስቲዮ»፣ ምሽጉ፣ ብለውታል። አናቱ ላይ ካለው ቤተ መቅደስ ጋር ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው። በአራቱም ጎን ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ 91 እርከን። አራቱ ሲደመሩ 364 ይሆናሉ። የላይኛው መድረክ ሲጨመር 365። የዓመቱ ቀናት ናቸው።

ለእኛ ይህ ሒሳብ ቶሎ ይገባናል። የማያ ዓመት እያንዳንዳቸው 20 ቀን ያላቸው 18 ወራት አሉት። ያ 360 ነው። የቀሩት አምስት ቀናት «ዋዬብ» ይባላሉ። ጳጉሜን ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ልዩነቱ ማያዎች እነዚህን አምስት ቀናት ይፈሯቸው ነበር፤ ክፉ ቀናት ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ጎን ለጎን 260 ቀን ያለው ሌላ የሥርዓት አቆጣጠርም ነበራቸው። ሁለቱ አቆጣጠሮች ከተነሱበት ቀን ላይ እንደገና የሚገጥሙት በ52 ዓመት አንዴ ነው።

ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የፒራሚዱ ጠርዝ በሰሜኑ ደረጃ ጎን ላይ ጥላ ይጥላል። የብርሃን ሦስት ማዕዘኖች ይደረደራሉ። ታች ደግሞ ከድንጋይ የተጠረበ የእባብ ራስ አለ። እባቡ ከሰማይ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ይመስላል። ያን ቀን ሕዝቡ ብዙ ነው። በቀኑ ግራና ቀኝ ባሉት ቀናትም ጥላው ስለሚታይ በዋናው ቀን መጋፋት አያስፈልግም።

አስጎብኚው ከደረጃው ፊት ለፊት ያቆማችሁና አንድ ጊዜ ያጨበጭባል። የሚመለሰው ግን ጭብጨባ አይደለም። ከቀጭን ጀምሮ ወደ ወፍራም የሚወርድ የወፍ ጩኸት ነው። የገደል ማሚቶ ነው፤ ነገር ግን ድምፁ ከ91ዱ እርከኖች ተራ በተራ፣ ከታችኛው ቀድሞ ከላይኛው ዘግይቶ፣ ስለሚመለስ ይሳባል። ማያዎች የሚያከብሩትን የኬትዛል ወፍ ድምፅ ይመስላል። ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ ምሁራን አልተስማሙበትም። እጃችሁን አንስታችሁ ራሳችሁ አጨብጭቡ። የሌላ ሰው ጭብጨባ መስማትና የራስን መስማት አንድ አይደለም።

ፒራሚዱ ላይ መውጣት ከተከለከለ ቆይቷል። ውስጡ ሌላ ፒራሚድ አለ። በ1930ዎቹ ቁፋሮ ዓይኖቹና ነጠብጣቦቹ ጄድ ከሚባል አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ የተሠሩ ቀይ የጃጓር ዙፋን እዚያ ተገኝቷል። በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች በዚያኛው ውስጥ ሌላ ሦስተኛ፣ ትንሽ ሕንጻ እንዳለ አስታወቁ። ማያዎች አሮጌውን አያፈርሱም ነበር፤ በላዩ ላይ ያለብሱታል።

የኳሱ ሜዳና የተቀደሰው ጉድጓድ

ከፒራሚዱ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው የኳስ ሜዳ 168 ሜትር ርዝመትና 70 ሜትር ስፋት አለው። ከግድግዳዎቹ በላይኛው ክፍል ላይ የድንጋይ ቀለበቶች ወጥተዋል። ኳሱ ድፍን ጎማ ነበር፤ ከባድ ነው። በዳሌ ነበር የሚመቱት።

ከግድግዳው ሥር ያለውን ቅርጽ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ቆሟል። አንዱ ተጫዋች ተንበርክኳል፤ ራሱ የለም። ከአንገቱ የሚፈልቀው ደም ወደ እባቦች ተለውጧል። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው የተቆረጠውን ራስ ይዟል። ብዙ አስጎብኚዎች «የሚሠዋው ያሸነፈው ነው፤ ክብር ስለሆነ» ይላሉ። ቅርጹ ግን ይህን አይልም። ማን እንዳሸነፈ የሚያሳይ ነገር የለውም። ስለዚህ «ይህን ከምን አወቅን?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ አስጎብኚ በጥያቄው ደስ ይለዋል።

ስለ ተቀደሰው ጉድጓድ የሚወራውም እንደዚሁ ነው። የዩካታን ሰሜን የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ከመሬት በላይ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ዝናቡ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የዋሻው ጣሪያ ሲናድ ውኃው ይገለጣል። ይህ «ሴኖቴ» ይባላል። የከተማዋ ስም ራሱ «በኢትዛዎች (የማያ ነገድ ናቸው) ጉድጓድ አፍ» ማለት ነው። የተቀደሰው ሴኖቴ 60 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ዙሪያው ገደል ነው። ኤድዋርድ ቶምፕሰን የሚባል አሜሪካዊ ከ1904 ጀምሮ ታቹን እያስጠረገ ወርቅ፣ ጄድ፣ እንደ እጣን የሚጨስ ኮፓል የሚባል ሙጫና የሰው አጥንት አወጣ። ብዙው ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፒቦዲ ሙዚየም ሄደ። ከፊሉ በኋላ ተመልሷል። የመቅደላን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን እንደሚያሳዝን መናገር አይኖርብኝም።

«ደናግል ይጣሉበት ነበር» የሚለው ወሬ ግን አይጸናም። ከውኃው የወጡት አጥንቶች የወንድም፣ የሴትም፣ የሕፃንም ናቸው። በ1967 ደግሞ ከጉድጓዱ አቅራቢያ ከመሬት በታች ካለ ማጠራቀሚያ የብዙ ሕፃናት አጥንት ተገኝቶ ነበር። በ2024 የ64ቱ ዘረ መል ውጤት ታተመ። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ሁለት ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ነበሩባቸው። በማያ ትረካ ውስጥ ወደ ታችኛው ዓለም ወርደው ኳስ የሚጫወቱ መንትያ ወንድማማቾች አሉ። በዚሁ ጥናት የሕፃናቱ ዘረ መል ዛሬ በአካባቢው ከሚኖሩ ማያዎች ጋር ተያይዟል። «ማያዎች ጠፉ» የሚባለው ልክ አይደለም። ከተሞቹ ተለቀቁ፤ ሕዝቡ ግን አለ። በዩካታን ልሳነ ምድር የማያ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ብዙ መቶ ሺህ ናቸው። ምናልባት ከፊታችሁ የሚሄደው አስጎብኚ አንዱ ነው።

መንገድ የሚለው ቃል

ከፒራሚዱ ሜዳ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው የ300 ሜትር ያህል ጥርጊያ «ሳክቤ» ይባላል። ሳክ ነጭ ነው፤ ቤ ደግሞ መንገድ። ይህችን «ቤ» ያዟት።

በ1562 ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ የስፔን መነኩሴ ማኒ በሚባል ከተማ የማያን መጻሕፍት ሰብስቦ አቃጠለ። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። ያው መነኩሴ በኋላ የማያን «ፊደል» ለመመዝገብ አንድ የማያ ጸሐፊ ጠየቀ። የስፔን ፊደል «ቤ» ስትባል ማያው መንገድና በመንገዱ ላይ የእግር ኮቴ ሣለ። ልክ ነበር፤ በቋንቋው ቤ መንገድ ነዋ። ላንዳ ግን አልገባውም። ሶቪየታዊው የቋንቋ ምሁር ዩሪ ክኖሮዞቭ በ1952 ነገሩን ፈታው፦ ብዙዎቹ ምልክቶች ልክ እንደ እኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዙ ናቸው። ጃጓር ማለት «ባላም» ነው፤ ባ፣ ላ፣ ማ ተብሎ ይጻፋል። የመጨረሻዋ አናባቢ አትነበብም። ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ ሰው ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ከሰዓት በኋላ

ጊዜ ከተረፈ «ካራኮል» የሚባለውን ክብ ሕንጻ አትለፉት። ማያዎች ቬነስ የምትባለውን ፕላኔት የተከታተሉበት ነው ይባላል። ከዚያ ብዙ ጉዞዎች ሦስት ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ኢክ ኪል ሴኖቴ ይሄዳሉ። ውኃው ከመሬት ወለል 26 ሜትር ያህል ታች ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሰንስክሪኑን በሻወር ታጠቡ ይሏችኋል፤ ውኃው እንዳይበከል ነውና እሺ በሉ።

ምሳው ላይ ኮቺኒታ ፒቢል ይመጣል። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ውስጥ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው ሶፓ ዴ ሊማ ይዘዝ፦ የዶሮ መረቅ በሎሚ። ለጾመኛ ጥቁር ቦሎቄና ቶርቲያ የሚባል የበቆሎ ቂጣ አለ። ቦሎቄው በአሳማ ስብ ሊሠራ ስለሚችል ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ ውኃና ጥሬ ፔሶ (የሜክሲኮ ገንዘብ) ያዙ። አስጎብኚው ጥሩ ከነበረ ጉርሻውን አትርሱ።

ስትለያዩ «ቢሽ አ ቤል?» በሉት። ደህና ነህ ወይ ማለት ነው። ቃል በቃል ግን «መንገድህ እንዴት ነው?» ነው። «ማሎብ» ይላችኋል። ደህና ነው።