ጥሬ ጣውላን በእጅ መላጊያ ማቅናት

ከመጋዝ የወጣ ጣውላ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ አስተኙትና አንዱን ጥግ ጫን በሉት፤ ይወዛወዛል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ ሥራው ይብሳል፤ በብዛት እጅ የሚገባው ባህር ዛፍ ነውና፣ እሱም ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ይወዳል። ጽድና ዝግባ ጠባያቸው የተሻለ ነው። ግን እንደ ወፍ ዋሻ ባሉ ደኖች የቀሩት እዚያው ቢቆሙ ይሻላል። ዋንዛ ከተገኘ እሰየው፣ ለመላጊያ የዋህ ነው።

እንጨት ሲደርቅ በግንዱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ልጡ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ጣውላ እንደ ገበታ የሚጎደጉደው ለዚህ ነው። አየሩም ሲለወጥ ይንቀሳቀሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ግድም፤ ብርድ ላይ የተላገ ጣውላ ጣርማ በርን ወርዶ ቆላ ሲገባ ቢጣመም አይግረማችሁ። የሚቻል ከሆነ እቃው በሚቀመጥበት አገር ጥቂት ሳምንት ይረፍ፣ ከዚያ ይላግ።

መላጊያው በርዝመቱ ይለያያል። አጭሩ ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳል፣ 55 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ረጅሙ ግን ጉድጓዱን ተሻግሮ ጉብታውን ብቻ ይቆርጣል። ስለዚህ የሚያቀናው ረጅሙ ነው፣ አጭሩ ለማለስለስ ነው። 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው መካከለኛው ብዙውን እንጨት የሚያነሳ ነው፤ ምላጩ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ተደርጎ ቢሳል በጥልቀት ይበላል።

ዋናው ጉዳይ የመጀመሪያው ፊት ነው። እሱ ከተበላሸ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። ጎድጓዳውን ፊት ወደ ላይ አድርጉ፣ ከሥር እንዳይወዛወዝ ስንጥር ሸጉጡበት። ከዚያ ሁለት ቀጥ ያሉ፣ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ዘንጎች በጣውላው ሁለት ጫፍ ላይ አግድም አስቀምጡና ጎንበስ ብላችሁ በአንድ ዓይን እዩ፤ የፊተኛው አናት ከኋለኛው ጋር ካልገጠመ ጣውላው ተጠማዟል፣ ከፍ ያሉት ሁለቱ ተቃራኒ ጥጎች ቀድመው ይላጋሉ። በመካከለኛው መላጊያ መጀመሪያ አግድም፣ ቀጥሎ ሰያፍ፣ በመጨረሻ በረጅሙ ወደ ቁመቱ። የመላጊያውን ሆድ ሻማ ቀባ ብታደርጉት ክንድ ያርፋል። እንጨቱ ከተቦጫጨቀ ጅማቱን ተቃርናችኋል ማለት ነው፤ ጣውላውን አዙሩት፣ ምላጩንም ሳሉት። በየመሃሉ ዘንጎቹን መልሶ ማየት አያሰልች፣ ጥሩ አናጢ ከመላጉ ይልቅ በማየቱ ይታወቃል።

ፊቱ ከቀና በኋላ ያለው ቀላል ነው። አንዱን ጠርዝ ስኳድራ (የቀጥተኛ ማዕዘን መለኪያ) እያስደገፉ መላግ፣ ከቀናው ፊት ተነስቶ ውፍረቱን ዙሪያውን ማስመር፣ ሌላውን ፊት እስከ መስመሩ ማውረድ፣ ከዚያ ስፋቱን በዚያው መንገድ። ከአንድ ወገን ብቻ ብዙ አታንሱ፤ ከሁለቱም ፊት ተቀራራቢ ካልተነሳ ጣውላው በማግስቱ ጎብጦ ያድራል። የጣውላው የተቆረጠ ጫፍ ሲላግ ደግሞ ከሁለቱም ዳር ወደ መሃል ነው፣ አንዱን ዳር ጀምሮ በሌላው መውጣት ጠርዙን ይገነጥለዋል።