ሴሊኒየም ውጣችሁ ፀጉራችሁ ሲረግፍ እኔን አትጠይቁኝ

ኬሚስት ነኝ። ሥራዬ አፈርና ውሃ ውስጥ ያለውን ሴሊኒየም፣ ዩራኒየምና መሰሎቻቸውን መለካት ነው። ይህን ለሰው ስናገር ከሁለት ጥያቄ አንዱ አይቀርልኝም። «ጨረሩ አይጎዳሽም?» ወይም «የቱን ሴሊኒየም ልግዛ?» ሰው የሚለኝን ከነመልሱ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«ሬዲዮአክቲቭ ነገር የሚመጣው ከቦምብና ከኒውክሌር ጣቢያ ነው።» ከእናንተም ገላ ይመጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥ ፖታሲየም 40 ከሚባለው ሬዲዮአክቲቭ የፖታሲየም ዓይነት ብቻ በየሰከንዱ 4,000 ያህል አተሞች ይፈርሳሉ።

«ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ከሆነ በ60 ዓመት ያልቃል።» ግማሽ ዕድሜ ማለት ካለው ላይ ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ ነው፤ በ60 ዓመት ሩቡ ይቀራል።

«ዩራኒየም የሚጎዳው በጨረሩ ነው።» የተፈጥሮ ዩራኒየም የመጠጥ ውሃ ውስጥ ሲገኝ መጀመሪያ የምንሰጋው ለኩላሊት ነው። እዚያ የሚጎዳው እንደ ማንኛውም ኬሚካል መርዝ ሆኖ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 30 ማይክሮግራም ብሎ የወሰነውም ይህንኑ አስቦ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ።

«ሴሊኒየም ቫይታሚን ነው፤ ቢበዛ አይጎዳም። ፀጉርም ያሳድጋል።»

ሲጀመር ቫይታሚን አይደለም። የድኝ ዘመድ የሆነ ማዕድን ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃዋል። አንዲት የገበታ ጨው ቅንጣት ብትመዘን ያህላታል። አሜሪካ ያስቀመጠችው ጣሪያ 400 ነው፤ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 255 አውርዶታል። እንግዲህ «ቢበዛ» የምትሉት ስንት ነው?

አክስቴ ፀጉሯ ይረግፍ ጀመር። ደወለችልኝ፤ «እስቲ የሚጠነክረውን ንገሪኝ፣ ይሄ አልያዘልኝም» አለች። ሄጄ መድኃኒቶቿን ጠረጴዛ ላይ አስደረደርኳት። መልቲቫይታሚን፣ 55 ማይክሮግራም ሴሊኒየም። «ለፀጉርና ለጥፍር» የሚል እንክብል፣ 200። ሴሊኒየም ብቻውን፣ ሌላ 200። 455 ደረስን። በዚያ ላይ ልጇ የላከችላት የብራዚል ለውዝ አለ፣ በየቀኑ እፍኝ ሙሉ። ከዚህ ለውዝ አንዷ ፍሬ ብቻ የቀኑን ልትሸፍን ትችላለች። ትንፋሿ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። እኔ ሞኟ ከወጡ መስሎኝ ነበር።

ፀጉር መርገፍ፣ ጥፍር መሰባበር፣ የነጭ ሽንኩርት ትንፋሽ፤ ሦስቱም ሴሊኒየም ሲበዛ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ሰዉ ፀጉሩ ሲረግፍ የሚያስረግፈውን ይጨምርበታል!

«ከአሜሪካ የመጣ እኮ ነው፣ እንዴት ይጎዳል?» አለችኝ። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ፈሳሽ የምግብ ማሟያ በስህተት ተቀምሞ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው 200 እጥፍ ሴሊኒየም ተገኝቶበታል። በ10 ግዛቶች 201 ሰው ታመመ። ፀጉራቸው የረገፈ፣ ጥፍራቸው የተበላሸ ብዙ ነበሩ።

አክስቴ ግን በቀላሉ አትረታም። «የኛ አገር ሰው ሴሊኒየም ያንሰዋል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። ይህኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያደክመኛል። ያንሰዋል፤ የትኛውን ሰው? የየትኛውን አፈር እህል የሚበላውን? በምዕራቡ ደጋ አፈሩ አሲዳማ ነው፣ ብረትም ይበዛበታል። ሴሊኒየሙን አንቆ ይይዘዋል፤ መሬቱ ውስጥ እያለ ጤፉ አያገኘውም። የስምጥ ሸለቆው አፈር ወደ አልካሊ ያደላል፤ እዚያ በውሃ ይሟሟል፣ ሥሩም ይስበዋል። ቻይናን ብታዩ አንድ አገር ውስጥ ሁለቱም ጽንፍ አለ። በኬሻን ሴሊኒየም አንሶ ሕፃናት በልብ ሕመም ሞቱ፤ በኤንሺ በዝቶ የሰው ፀጉርና ጥፍር ወደቀ። ለኤንሺ ሰው የኬሻንን እንክብል ትሰጡታላችሁ?

ስለዚህ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት የምትውጡትን ሁሉ አንድ ላይ ደርድሩና ጀርባውን አንብቡ። ደምሩት። ፊንላንዶች እንኳ አፈራቸው ደሃ መሆኑን ሲያውቁ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየለኩ ማዳበሪያ ውስጥ ጨመሩት እንጂ ሕዝቡን እንክብል ቃሙ አላሉትም። ያንሰኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደም ተመርመሩ።

አክስቴ ተመረመረች፤ በዝቶ ተገኘ። ሁሉንም አቆመች። ከወራት በኋላ ፀጉሯ መለስ አለ። ጠርሙሶቹ የት እንደደረሱ ጠየቅኳት።

«ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው» አለችኝ። «የሷም ፀጉር ሳስቷል።»