«መጽሐፉን አበላሹት» ከማለታችን በፊት፦ ስለ አስፈሪ ልብ ወለዶችና ፊልሞቻቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ድሬዳዋ ውስጥ አስፈሪ ፊልም የሚታየው ማታ ነው። ቀን ሙቀቱ አያስቀምጥም። እኛም ከዚራ ሰፈር አንድ ጓደኛችን ግቢ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን፣ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርገን ነው የምናየው። በቅርቡ የጊየርሞ ዴል ቶሮን «ፍራንከንስታይን» አየን፤ በ2025 የወጣውን። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ክርክር ተነሣ።

«አቦ፣ ይሄ ምኑ ነው ፍራንከንስታይን? አንገቱ ላይ ብሎን እንኳ የለውም!» አለ አንዱ።

«ደሞ ጭራቅ እንዲህ አምሮ ይናገራል እንዴ? መጽሐፉን አበላሹት» አለ ሌላው።

ከስድስታችን መጽሐፉን ያነበብነው ሁለት ነን። እኔም እስካነበው ድረስ እንደነሱ ነበር የማስበው። ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ግን የዚያን ማታ አንድ ነገር ገባኝ። «እንደ መጽሐፉ ይሁን» ስንል ብዙ ጊዜ የምንጠብቀው መጽሐፉን አይደለም። በልጅነታችን ያየነውን የድሮ ፊልም ነው። ይህ ደግሞ ጎበዝ ዳይሬክተሮችን ያለ ጥፋታቸው ያስወቅሳል። የእውነት መወቀስ ያለባቸውን ቦታ ደግሞ ያሳልፍላቸዋል። እስቲ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሣ። የፊልሞቹን መጨረሻ ጭምር ስለማወራ ያላያችሁ ተጠንቀቁ።

«ፍራንከንስታይን አንገቱ ላይ ብሎን ያለው ጭራቅ ነው»

ሜሪ ሼሊ ይህን ታሪክ መጻፍ የጀመረችው በ1816 ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነው። ዕድሜዋ 18 ነበር። መጽሐፉ በ1818 ሲታተም ስሟ አልተጻፈበትም። ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው፤ ቪክቶር ፍራንከንስታይን። ዶክተርም አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የተሠራው ፍጡር ግን ስም የለውም።

ስም ማጣቱን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። እኛ ዘንድ ለልጅ ስም ማውጣት «የእኔ ነህ» ማለት ነው። ቪክቶር ግን ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ደንግጦ ክፍሉን ጥሎ ወጣ። ስም ሊያወጣለት ቀርቶ ዞር ብሎም አላየው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚፈሰው ደም ሁሉ ከዚህች ሽሽት ይጀምራል።

መልኩስ? ሼሊ የሰጠችው ወደ 2 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ቁመት፣ ቢጫ ቆዳ፣ ረጅም ጥቁር ጸጉር፣ ነጫጭ ጥርስና ጥቁር ከንፈር ነው። ከላይ ጠፍጣፋ የሆነው ጭንቅላትና የአንገቱ ብረት የመጡት ከ1931 ፊልም ነው። ጃክ ፒርስ የሚባል የሜካፕ ባለሙያ ተዋናዩን ቦሪስ ካርሎፍን እንደዚያ አድርጎ ሠራው፤ ዓለምም በዚያው ያዘው። መብረቁና በማሽን የታጨቀው ላቦራቶሪም የፊልም ሥራ ነው። በመጽሐፉ ቪክቶር አሠራሩን ሆን ብሎ ይደብቃል፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ፈርቶ። ጎባጣው ረዳትም መጽሐፉ ውስጥ የለም። በ1931 ፊልም የረዳቱ ስም ፍሪትዝ ነው። ኢጎር የሚለው ስም የመጣው በ1939 ነው፤ በሌላ ፊልም፣ በሌላ ገጸ ባህሪ።

አሁን ወደ ንግግሩ እንምጣ። በመጽሐፉ ፍጡሩ ከሁሉም ሰው በላይ አንደበተ ርቱዕ ነው። ከአንድ ደሃ ቤተሰብ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ፣ በቀዳዳ እያያቸው ቋንቋ ይማራል። ጆን ሚልተን ስለ አዳምና ስለ ሰይጣን ውድቀት የጻፈውን ትልቅ ግጥም ያነባል። ከዚያ ፈጣሪውን ፊት ለፊት ይሞግተዋል፦ አዳምህ መሆን ሲገባኝ የተጣለ መልአክ አደረግኸኝ ይለዋል። የሚያጉረመርመው፣ ቃል የሌለው ጭራቅ የድሮው ፊልም ልጅ ነው። ስለዚህ ፍጡሩን ሆኖ የሚተውነው ጄከብ ኤሎርዲ በአዲሱ ፊልም ያን ሁሉ ሲናገር ዴል ቶሮ ወደ መጽሐፉ እየተመለሰ ነበር።

መናደድ ከፈለግን ሌላ ቦታ አለ። ዴል ቶሮ ዘመኑን ወደ ክራይሚያ ጦርነት አካባቢ አዙሮታል። የቪክቶርን እጮኛ ኤልሳቤጥን ደግሞ የወንድሙ እጮኛ አድርጓታል። ከሁሉ የሚበልጠው መጨረሻው ነው። በመጽሐፉ ፍጡሩ ይቅርታ የሚጠይቀው ቪክቶር ከሞተ በኋላ ነው፤ ሬሳው ላይ ቆሞ፣ መልስ በማይገኝበት ሰዓት። ከዚያ ራሱን ላቃጥል ብሎ ወደ ጨለማው ይሄዳል። በፊልሙ ግን ቪክቶር ሳይሞት ይቅር ይባባላሉ። ፍጡሩም በሕይወት ይቀራል። እኔ የመጽሐፉን እመርጣለሁ። የዘገየ ይቅርታ ያማል፤ ሼሊ ያንን ሕመም አልሸሸችም። ግን የዚያን ማታ ስለዚህ የተከራከረ አልነበረም። ክርክሩ ሁሉ ብሎኑ ላይ አለቀ።

የድሮው ፊልም ለምን እንዲህ ይጣበቃል? እኛም እናውቀዋለን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰማ ሰው ጉዱ ካሣን በሌላ ድምፅ መስማት ይከብደዋል። ድምፁ የወጋየሁ እንጂ የሐዲስ ዓለማየሁ ጽሑፍ እንዳልሆነ እያወቀም ይከብደዋል። መጀመሪያ የገባ ነገር ቤቱን ይይዛል።

«ድራኩላ ፀሐይ ከነካው ይሞታል፤ ደሞ ሪዝ የለውም»

የሮበርት ኤገርስ «ኖስፌራቱ» በ2024 ሲወጣ ቆጠር ያሉ ተመልካቾች በኮንት ኦርሎክ ሪዝ ተገረሙ። «ቫምፓየር ሪዝ አለው እንዴ?» የሚለውን እኛም ግቢ ሰምቼዋለሁ። ኦርሎክ ማለት በሌላ ስም የተጠራ ድራኩላ ነው፤ ደም የሚመጥ ሙት፣ ቫምፓየር። የብራም ስቶከርን መጽሐፍ (1897) ብትከፍቱ ደግሞ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ በሩን የሚከፍተው ረጅም ነጭ ሪዝ ያለው ሽማግሌ ነው። ሪዙን የላጩት የድሮዎቹ ፊልሞች ናቸው።

የፀሐዩ ነገር የበለጠ ይገርማል። በስቶከር መጽሐፍ ድራኩላ በቀን ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። ለንደን ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሰው መሀል ሲሄድ ይታያል። በፀሐይ ብርሃን መሞትን ያመጣው የ1922ቱ የሙርናው ድምፅ አልባ ፊልም ነው፤ የመጀመሪያው «ኖስፌራቱ»። ያ ፊልም የተሠራው ያለ ፈቃድ ነበር። ስሞቹን ቀያይረው ሊያልፉ ሞከሩ። የስቶከር ባለቤት ፍሎረንስ ግን ከሰሰች። ጀርመን ውስጥ ፍርድ ቤት በ1925 ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ። ጥቂቶቹ ተርፈው እስከ ዛሬ ይታያሉ። እንግዲህ አስቡት፦ እንዲጠፋ የተፈረደበት ፊልም የፈጠረው ሕግ፣ ዛሬ የመጽሐፉ ሕግ ሆኖ ይጠቀሳል።

አሟሟቱም እንደምናስበው አይደለም። እንጨት በልቧ የተተከለባት ሉሲ ናት፤ ድራኩላ ቫምፓየር ያደረጋት ወጣት። ድራኩላን የገደሉት ሁለት ቢላዎች ናቸው። አንዱ አንገቱን፣ አንዱ ልቡን፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት።

«ድራኩላ ለዘመናት የጠፋች ፍቅረኛውን ነው የሚፈልገው»

መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። ሚና የምትባለው የመጽሐፉ ዋና ሴት ገጸ ባህሪ ለድራኩላ ዳግም የተወለደች ሚስቱ አይደለችም። እሷ የምታየው ጓደኛዋን ሉሲን የገደለና በግድ ደሙን ያጠጣትን ጠላት ነው። ፍቅሩን በዓለም ያስለመደው የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ የ1992 ፊልም ነው። ያ ፊልም ርዕሱ ላይ የስቶከርን ስም አስገብቷል። ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። የሉክ ቤሶን የ2025 «ድራኩላ»ም በዚያው የፍቅር መንገድ ነው የሄደው። ፍቅሩን የሚወድ ይውደድ፣ ፊልምነቱን አልጠላም። ግን በዚህ ሚና ብዙ ታጣለች። በመጽሐፉ የሁሉንም ማስታወሻና ደብዳቤ በታይፕ እየጻፈች፣ ቀን በቀን እያስተካከለች ድራኩላን የት እንደሚገኝ የምታስገምተው እሷ ናት። አዲስ ፊልም ሲመጣ እኔ የምጠብቀው ይህችን ሚና ነው።

«ካላስጮኸን አስፈሪ አይደለም»

ይህንን በሐረር ጅብ ነው የማስረዳው። ከአዲስ አበባ የመጣ የአክስቴ ልጅ አንድ ማታ ሐረር ይዤው ሄድኩ፤ ጅብ ሲመገብ እንዲያይ። ጅቡ ከጨለማው ብቅ ሲል እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። አጠገባችን የነበረ የሰፈሩ ልጅ ግን ስልኩን እየነካካ ነበር። የጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፤ ዋራባ ኑዱል ይሉታል። እዚያ ላደገ ልጅ ጅብ የማታ መንገደኛ ነው። ለአክስቴ ልጅ ግን ከተረት የወጣ አውሬ ነው። ጅቡ አንድ ነው፤ ፍርሃቱ ሁለት።

የድሮ አስፈሪ ልብ ወለድም እንደዚያ ነው። አፋችን ላይ የለመድነው ቫምፓየር፣ ማስቲካ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ያየነው ጭራቅ፣ ድንገት ብቅ ብሎ ቢያስደነግጠን ለአንድ ሰከንድ ነው። ሼሊ በመጽሐፏ ያስፈራችው በድንገተኛ ጩኸት አይደለም። የወለደው የጣለው ፍጡር ምን ይሆናል በሚል ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ድሬም ያስፈራል፣ ሐረርም ያስፈራል። ስለዚህ አንድ አዲስ ፊልም ዝግ ካለ፣ ከማስደንገጥ ይልቅ ካስጨነቀ፣ «አያስፈራም» ብለን ከመዝጋታችን በፊት ትንሽ እንታገሠው።

«ደራሲው ያልወደደው ፊልም መጥፎ ነው»

እስጢፋን ኪንግ በ1977 የጻፈውን «ዘ ሻይኒንግ» ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 ፊልም አደረገው። ኪንግ ፊልሙን እንዳልወደደው ደጋግሞ ተናግሯል። በ1997 ራሱ ስክሪፕቱን ጽፎ በቴሌቪዥን ተከታታይ አሠራው፤ ለመጽሐፉ በጣም የቀረበ። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው ግን የኩብሪክን ነው። በአንጻሩ «ዘ ሚስት» (The Mist፣ «ጭጋጉ» ማለት ነው) የሚለው የኪንግ ታሪክ በ2007 ፊልም ሲሆን ዳይሬክተሩ ፍራንክ ዳራቦንት መጨረሻውን ፈጽሞ ቀየረው፤ ኪንግ ወደደው። «ዘ ኤክሶርሲስት» ላይ ደግሞ ደራሲው ዊሊያም ፒተር ብላቲ ስክሪፕቱን ራሱ ጻፈ፤ ኦስካርም ተሸለመበት። ከደራሲው ፊት ተነሥቶ ፊልሙን መተንበይ አይቻልም።

«ሁሉንም ማስገባት ነበረባቸው»

አይችሉም። የኪንግ «ኢት» ከ1,000 ገጽ በላይ ነው። በ2017 እና በ2019 ለሁለት ከፍለው ሠሩት፤ አሁንም ብዙ ቀረ። የሬዲዮ ትረካ ሙሉ መጽሐፍ የሚያነበው ለወራት በተከታታይ ስለሚቀርብ ነው። ሁለት ሰዓት ሌላ ነገር ነው። ምን ቀረ ከማለት የቀረው ነገር ታሪኩን አጎደለው ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ሐሳብ ስላለቀባቸው ነው እነዚህኑ የሚደጋግሙት»

አንዱ ትልቅ ምክንያት ገንዘብ ነው። የሼሊና የስቶከር መጻሕፍት የቅጂ መብት ዘመናቸው ካለፈ ቆይቷል። ማንም ሳይከፍል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሊሠራቸው ይችላል።

ይኸው ነገር ለእኛም ጠቅሞናል። መጽሐፎቹ በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ ስልክ ላይ ይወርዳሉ። ከዚያ ክርክር በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት ፊልም ከማየታችን በፊት የ«ፍራንከንስታይን»ን 11ኛ ምዕራፍ ለማንበብ ተስማማን፤ ፍጡሩ የራሱን ታሪክ መናገር የሚጀምርበትን። እንግሊዝኛው ጎበዝ የሆነው ጓደኛችን እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልስልናል። ፍጡሩ ብርድ ሲመታው፣ ጨለማው ሲያስፈራውና የሚያደርገው ሲጠፋው ቁጭ ብሎ የሚያለቅስበት ቦታ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ብሎን የለውም ያለው ልጅ የስልኩን መብራት አበራለት። «ቀጥል» አለው።