«የግል ተወዳዳሪ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አውስትራሊያ ውስጥ አንድ አንጋፋ ፖለቲከኛ ለስቴት ፓርላማ «በግል እወዳደራለሁ» ሲል ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ትናንት የፓርቲ ሰው አልነበረም እንዴ? ሊሆን ይችላል። «የግል» የሚለው ቃል የሰውየውን ታሪክ አይፍቅም። በዚህ ምርጫ ዕጩ አድርጎ ያቀረበው ፓርቲ የለም ማለት ብቻ ነው። ሮብ ኦክሾትን ውሰዱ። በ1996 በናሽናልስ ፓርቲ ስም የኒው ሳውዝ ዌልስ ስቴት ፓርላማ ገባ። በ2002 ፓርቲውን ለቀቀ፤ በ2003 ደግሞ በግል ተወዳድሮ መቀመጫውን አስጠበቀ።

ያለ ፓርቲ እንዴት ማሸነፍ ይቻላል? ቁልፉ የድምፅ አሰጣጡ ላይ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ መራጩ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በምርጫው ቅደም ተከተል መደርደር ይችላል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣል፤ ለእሱ የተሰጠው ድምፅም መራጩ ቀጥሎ ለመረጠው ዕጩ ይተላለፋል። ስለዚህ የብዙ ሰው «ሁለተኛ ምርጫ» የሆነ የግል ዕጩ መጀመሪያ ላይ ባይመራም ሊያሸንፍ ይችላል። በእኔ እምነት ይህ ለመራጩ ትልቅ ነፃነት ነው።

አንድ ሰው ብቻውን ምን ያመጣል ለምትሉ፦ በ2023 ሌበር ፓርቲ ከስቴቱ ታችኛው ምክር ቤት 93 መቀመጫዎች ያገኘው 45 ነው። ለአብላጫ 47 ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ሲሆን የጥቂት የግል ተመራጮች ድምፅ እንኳ ወሳኝ ይሆናል።