«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች»

ይህን አነጋገር መጀመሪያ የሰማሁት ጎንደር፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት በጥር 10፣ በከተራ ዕለት ነው። ዋዜማው ጾም ስለሆነ በየቤቱ የተጣደው ሽሮ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ የራሳቸውን ድስት ጥደው እኛ ማጀት ገቡና «ይህ ውሃ አንሶታል» እያሉ ማማሰያውን ከእናቴ እጅ ተቀበሉ። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ማዶ የእርር ሽታ መጣ። እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እትዬ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!» አለቻቸው። ማማሰያውን እንደያዙ ሮጡ።

ፍቺው የራሱን ጉድለት ትቶ የሌላውን ለማቃናት የሚጣደፍን ሰው መንቀፍ ነው። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 7 ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ ከሚናገረው ጋር ይቀራረባል። በሴት አንቀጽ መነገሩ ማጀቱ የሴቶች ስለነበረ ነው፤ ነቀፋው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኛ ለወንዶቹ ይበልጥ ይስማማል።

መነሻው ጓዳ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። ሽሮ ሲያር ከላይ አያስታውቅም፤ ላዩ እየተንተከተከ ታቹ ይይዛል። የሸክላ ድስት ደግሞ ከእሳት ወርዶም መፍላቱን ቶሎ አይተውም። ባለሙያ ሴት ታቹ እንደያዘ ካወቀች አትፍቀውም፤ ደህናውን ከላይ ወደ ሌላ ድስት ትገለብጣለች። ዘግይታ የምታማስል ግን እርሩን ከደህናው ቀላቅላ ሁሉንም ታበላሸዋለች።

አንዳንዱ ሰው «የራሷ አሮባት» ይላል። እኔ የእናቴን «እያረረባት» እመርጣለሁ። «አሮባት» ካልን ነገሩ አልቋል፤ «እያረረባት» ካልን ግን ድስቱን ለማየት ገና ጊዜ አለ።

እኔ መምህር ነኝ። አንድ ጊዜ ከክፍሉ ግማሽ የሚበልጠው ተማሪ አንድ ጥያቄ ሳተ፤ ስንፍናቸውን ወቀስሁ። ከሳምንት በኋላ ጥያቄውን መልሼ ሳነበው ሁለት መልስ የሚቀበል ሆኖ አገኘሁት። ይቅርታ ጠይቄ ውጤቱን አስተካከልሁ። ከዚያ ወዲህ ዘወትር ዓርብ ማታ በሳምንቱ የሳትሁትን በደብተር እጽፋለሁ፤ ሁለት ሦስት መስመር፣ ከዚያ አይበልጥም። ባለፈው ዓርብ የጻፍሁት «ተማሪ ሲጠይቀኝ ሰዓቴን አየሁ» ይላል። ገጹን ወደ ኋላ ብገልጥ የዚያኛው ሳምንትም ይህንኑ ይላል።