ከእንጦጦ እስከ ለገሃር፦ አዲስ አበባን በመኪና በአንድ ቀን

አዲስ አበባ ከተራራ የወረደች ከተማ ናት። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መጀመሪያ የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ግን ወደ ፍልውሃ ሜዳ መውረድ ተጀመረ። ከተማዋን በአንድ ቀን ዞሮ ማየት የፈለገም ከላይ ቢጀምር ይሻለዋል። እሑድ ከሆነ እሰየው፤ መንገዱ ጭር ይላል።

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ጠዋት ይበርዳል፤ ጃኬት አይረሳ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም እዚሁ ናት። ከዚያ በባሕር ዛፉ መሐል ቁልቁል ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ በየሱቁ ደጅ የተሰቀለው ጥበብና ነጠላ ያማልላል። ገበያውን ግን ለሌላ ቀን ማቆየት ነው።

ስድስት ኪሎ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ፋሺስቶች ለጨፈጨፏቸው ሰዎች መታሰቢያ ነው። የጭፍጨፋው ሰበብ የሆነው ቦምብ ግራዚያኒ ላይ የተወረወረው ደግሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች በሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመታት ልክ የደረደሩት ነው። ከነጻነት በኋላ አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከከተማዋ ሐውልቶች ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ። ብዙ ጎብኚ ግን ቀና ብሎ ሳያየው ወደ ሙዚየሙ ይገባል።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት። ለዕይታ የቀረበው ቅጂዋ ቢሆንም ቁመቷ ማነሱ ልብ ይነካል። አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ውስጥ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ይገኛል።

ምሳ ፒያሳ ይሁን። የድሮው ፒያሳ ብዙው ፈርሷል፤ እዚያ ላደገ ሰው ከባድ ነው። አራዳ ጊዮርጊስና የምኒልክ ሐውልት ግን በቦታቸው ናቸው። ጣሊያኖች ሐውልቱን ነቅለው ቀብረውት ነበር፤ ሲሸነፉ ተቆፍሮ ወጣ። አጠገቡ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ከሰዓት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ነው። ትግላችን ሐውልት ታልፎ፣ ብሔራዊ ቴአትር ደጅ ያለውን የድንጋይ አንበሳ አይቶ፣ ለገሃር ይደረሳል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. የደረሰው እዚህ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ሮም ተወስዶ ነበር። ዓመታት ቆይቶ ተመለሰ። አመሻሽ ላይ ሰው ከሥሩ ተቀምጦ ታክሲ ይጠብቃል።