የሂንዱ ጥንታዊ ተረኮች በሴቶች አንደበት

ሁለቱን ታላላቅ የሳንስክሪት የጀግንነት ግጥሞች፣ ራማያናንና ማሃባራታን፣ እንደገና መተረክ በህንድ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። የመጀመሪያው በቫልሚኪ ስም የሚጠራና 24,000 ገደማ ጥንድ ስንኞች ያሉት ሲሆን፣ በቪያሳ ስም የሚጠራው ሁለተኛው በተለምዶ 100,000 እንደሚደርስ ይነገራል። ሁለቱም ለሂንዱ እምነት ተከታዮች የተቀደሱ ናቸው፤ ያም ሆኖ የየቋንቋው ባለቅኔ በየዘመኑ ሲጨምርባቸው፣ ሲቀንስባቸውና ሲለዋውጣቸው ኖሯል። ታሪኩን በሲታ፣ በድራውፓዲ ወይም በኩንቲ አንደበት የሚያወሩት ድርሰቶች ብዙውን ጊዜ የዘመናችን የሴቶች መብት ንቅናቄ ፍሬ ተደርገው ይቆጠራሉ። ነገሩ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል፤ እንዲያውም ዋናው ጥያቄ የተነሣው በጥንታዊው ድርሰት በራሱ ውስጥ ነው።

ራማያና የአዮድያው ልዑል ራማ በእንጀራ እናቱ በካይኬዪ ግፊት ለ14 ዓመት ወደ ጫካ መሰደዱን፣ አብራው የተሰደደችው ሚስቱ ሲታ በላንካው ንጉሥ በራቫና መጠለፏንና ራማ ዘምቶ ማስመለሱን ይተርካል። ሲታ ከምርኮ ስትመለስ እሳት ውስጥ ገብታ ንጽሕናዋን ታስመሰክራለች። በመጨረሻው መጽሐፍ ደግሞ የሕዝብ ሐሜት ስለበረታ ራማ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወደ ጫካ ይልካታል፤ መንታ ወንዶች ልጆቿን እዚያ ወልዳ ካሳደገች በኋላ ዳግመኛ ማስረጃ ስትጠየቅ ምድር ተከፍታ እንድትቀበላት ትለምናለች፣ ምድርም ትቀበላታለች።

ማሃባራታ ለዙፋን የተጋደሉ የአጎትና የወንድም ልጆች፣ የፓንዳቫዎችና የካውራቫዎች፣ ታሪክ ነው። በመካከሉ ያለች አንዲት ትዕይንት ግን ስለዚህ ዘርፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚመለስባት ናት። የአምስቱ ፓንዳቫ ወንድማማቾች የጋራ ሚስት ድራውፓዲ በእልፍኟ ሳለች፣ ታላቅየው ዩዲሽቲራ በቁማር ሀብቱን፣ መንግሥቱን፣ ወንድሞቹን፣ ቀጥሎም ራሱን ተበልቶ በመጨረሻ እርሷን ያስይዛል፤ ይሸነፋልም። ሊወስዳት የመጣውን መልእክተኛ ድራውፓዲ ተከትላው አትሄድም። ጥያቄ አስይዛ ትመልሰዋለች፦ ባሌ አስቀድሞ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እኔን? ራሱን ቀድሞ ከሆነ ባሪያ ሆኗልና በእኔ ላይ ምን መብት ነበረው? የወር አበባ ላይ ሆና በአንድ ልብስ ብቻ የነበረችውን ሴት ከካውራቫዎቹ አንዱ ዱሻሳና ጸጉሯን ይዞ እየጎተተ ሸንጎው ፊት ያቆማታል፤ እዚያም ጥያቄዋን ትደግማለች። በዕድሜም በዕውቀትም የሚከበረው ቢሽማ የፍትሕ ነገር ረቂቅ ነው ብሎ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል፤ ከካውራቫዎቹ ወገን አንድ ቪካርና ብቻ ይደግፋታል። በኋላ የደነገጠው አሮጌ ንጉሥ ድሪታራሽትራ ምርጫ ሲሰጣት በሁለት ልመና ባሎቿን ነጻ ታወጣና ሦስተኛውን አልፈልግም ትላለች። የሕግ ጥያቄዋን ግን ሸንጎው በቀጥታ ሳይፈታው ቀርቷል፤ የኋላ ዘመን ደራስያን በዚህ በተንጠለጠለው ነገር ላይ መጻፋቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ሴቶች ራሳቸው ካዘጋጇቸው የቆዩ ድርሰቶች መካከል የ16ኛው ክፍለ ዘመን የቤንጋል ባለቅኔ የቻንድራቫቲ ራማያና ልዩ ቦታ አለው። ቻንድራቫቲ ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ በሚገኘው በማይመንሲንግ አካባቢ የኖረች ሴት ናት። ግጥሟ የሚጀምረው በራማ ልደት ሳይሆን በሲታ ልደት ነው፤ የራቫና ሚስት ማንዶዳሪ ባሏ በሌሎች ሴቶች ስለተወሰደባት ከሐዘኗ ብዛት መርዝ ብላ የጠጣችው ነገር ሲታን ያስጸንሳታል። ስለ ስደቱና ስለ ምርኮው የምንሰማው ሲታ ለባልንጀሮቿ ወር በወር እየቆጠረች ስታወጋ ሲሆን፣ ሌሎች ባለቅኔዎች መጽሐፍ ሙሉ የሚሰጡት ጦርነት እዚህ ባጭሩ ይታለፋል። የመባረሯም ሰበብ ከቤት ውስጥ ይመጣል፤ የባሏ እኅት ኩኩያ ራቫናን በማራገቢያ ላይ እንድትስልላት ሲታን ትወተውታትና ስዕሉን ወስዳ ለራማ ታሳየዋለች። ይህን ሥራ ያልተሟላ ደካማ ድርሰት ብለው የናቁ ሊቃውንት ነበሩ፤ የቤንጋሏ ደራሲና ተመራማሪ ናባኒታ ዴብ ሴን ግን ድርሰቱ ሆን ተብሎ የሲታ ታሪክ ሆኖ መሠራቱን በመከራከር ክብሩን መልሳለታለች። የገጠር ሴቶች ሲዘፍኑት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

በደቡብ ህንድ የቴሉጉ ተናጋሪ ሴቶች በጓዳ ተሰባስበው የሚዘፍኗቸው የራማያና ዜማዎችም እንደዚሁ ናቸው። ቬልቼሩ ናራያና ራው ባጠኗቸው በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ምጥ፣ ሠርግ፣ የአማትና የምራት ነገር፣ የሚስቶች ቅሬታ ናቸው። ከሁሉ የሚያምረው «የኡርሚላ እንቅልፍ» የሚባለው ዘፈን ይመስለኛል። ኡርሚላ የራማን ታናሽ ወንድም ላክሽማናን ያገባች የሲታ እኅት ናት፤ ባሏ ወንድሙን ተከትሎ ሲሄድ እርሷ በቤተ መንግሥት ትቀራለች፣ ቫልሚኪም ይረሳታል። በዘፈኑ ግን 14ቱን ዓመት ተኝታ ታሳልፋለች። ላክሽማና ተመልሶ አልጋዋ አጠገብ ሲቀመጥ እንግዳ ወንድ መስሏት ትነቃና የሰው ሚስት የተመኙ እነራቫና ምን እንደ ደረሰባቸው እየጠቀሰች ትገስጸዋለች።

በኅትመት ዘመን መንገዱን ከከፈቱት በርካቶቹ ወንዶች ነበሩ። ማይክል ማዱሱዳን ዳት እ.ኤ.አ. በ1862 ከሮማዊው ኦቪድ ሐሳብ ወስዶ፣ የጥንት ተረኮች ሴቶች ለባሎቻቸውና ለወዳጆቻቸው የሚጽፏቸውን ደብዳቤዎች በቤንጋልኛ ግጥም አዘጋጀ። ኩማራን አሳን እ.ኤ.አ. በ1919 በማላያላም የሲታን የመጨረሻ ሐሳብ፣ ማይቲሊ ሻራን ጉፕት እ.ኤ.አ. በ1931 በሂንዲ የኡርሚላን ናፍቆት ጻፉ።

ከሴት ደራስያን ረጅም ልቦለዶች መካከል ቀድሞ የሚነሣው የኦዲያ ቋንቋ ደራሲዋ የፕራቲባ ሬይ «ያጅናሴኒ» ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ድራውፓዲ በሕይወቷ መጨረሻ ሂማላያ ላይ ወድቃ፣ ባሎቿም ጥለዋት ሄደው፣ ለአምላክ ለክሪሽና በምትጽፈው ደብዳቤ ሕይወቷን ትመረምራለች። በእንግሊዝኛ የጻፈችው ቺትራ ባነርጂ ዲቫካሩኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው ልቦለድም ድራውፓዲን በራሷ አንደበት ያናግራታል፤ እዚህ ግን ለባሎቿ ጠላት ለካርና የያዘችው ስውር ፍቅር ታሪኩን ይመራዋል። እኔ የመጀመሪያው ይበልጥብኛል፤ ሸንጎው ፊት በሕግ የተሟገተችውን ሴት ሐዘን በተሰወረ ፍቅር መፍታት ክርክሯን ያሳንሰዋል። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ የካርና ሚስት፣ ኡርሚላ፣ ካይኬዪ እየተባለ ብዙ ወጥቷል። ከእነዚህ ጥቂት የማይባሉት ጀግኒታቸውን የዛሬ ከተሜ ሴት አስመስለው ስለሚያቀርቡ፣ ሴትዮዋን አስሮ የያዛት ሥርዓት ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ሳይሰማን እናልፋቸዋለን።

ቮልጋ በሚለው የብዕር ስም የምትታወቀው የቴሉጉ ደራሲ በአጫጭር ልቦለዶቿ የያዘችው መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የህንድ ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ በሸለመው መድበሏ ሲታ ከሌሎች የተበደሉ ሴቶች ጋር ትገናኛለች። ራማንና ወንድሙን በማፍቀሯ አፍንጫዋ የተቆረጠውን የራቫናን እኅት ሱርፓናካን ጫካ ውስጥ ስታገኛት፣ መልኳን ያጣችው ሴት የአትክልት ቦታ እያለማች ውበትን በሌላ ዓይን ማየት ተምራ ታገኛታለች። በጥንቱ ታሪክ ጠላት የነበሩ ሁለት ሴቶች ቁጭ ብለው ያወጋሉ።

ከባዱ ትችት ግን የትኛዋ ሴት የሚለው ነው። የቤንጋሏ ማሃሽዌታ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጻፈችው አጭር ልቦለድ ድራውፓዲ ንግሥት አይደለችም፤ በወታደሮች የምትታደን የሳንታል ጎሣ ሴት ናት። ወታደሮች ከደፈሯት በኋላ አልለብስም ብላ ራቁቷን በአዛዡ ፊት ትቆማለች፤ በማሃባራታ ዱሻሳና በሸንጎው ፊት ልብሷን ሊገፍ ሲሞክር እንደሆነው፣ ልብሷን የሚያራዝምላት አምላክም አይመጣም። ይህ ድርሰት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ትምህርት ሲወጣ ብዙ መምህራን ተቃውመዋል። በሌላ ታሪኳ ደግሞ የፓንዳቫዎቹን እናት ኩንቲን በእርጅናዋ ጫካ ውስጥ ከአንዲት የኒሻዳ፣ ማለትም የጫካ ጎሣ፣ ሴት ጋር ታገናኛታለች። በማሃባራታ ፓንዳቫዎቹ ሊቃጠሉበት ከተሠራው ቤት ሲያመልጡ፣ ጠላት ሞቱ ብሎ እንዲያምን ያስቻለው በውስጡ ተኝተው የተቃጠሉት አንዲት የኒሻዳ እናትና አምስት ልጆቿ ናቸው። ኩንቲ ሌላውን ኃጢአቷን ሁሉ ስትናዘዝ ይህን አላስታወሰችውም፤ የምታስታውሳት የሟቾቹ ወገን የሆነችው ያቺው ሴት ናት።